ሐጂ የሰጡን ሁለት ኮሽም

ኮሽም ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው የምለው፦ ከፍሬው እሾሁ ይበዛል፣ ከጣፋጭነቱ ኮምጣጣነቱ ይበልጣል፣ የለመደው ሰው ግን አይተወውም። ፍሬው ከብይ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ሲበስል ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ቢጫ ይሆናል፤ ሽታው ኮክ ኮክ ይላል። ያን ሽታ አምኖ አፉ ውስጥ የከተተ እንግዳ ፊቱ ሲጨማደድ ማየት የቤታችን መዝናኛ ነበር። ባለቤቴ ሲበላ ሁለት ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ንቅንቅ አልልም። «አንቺማ ከኮሽሙም ትብሻለሽ» ይለኛል። ምላሴን ማለቱ ነው፤ አልዋሸም።

ጭሮ ባለው ግቢያችን ሁለት ኮሽም ነበረን፤ አንዱ በሩ አጠገብ፣ ሌላው ጓሮ። ሁለቱም የመጡት እኔ በሙሽርነት በመጣሁበት ሳምንት ነው። እኔ የሂርና ልጅ ነኝ። ባለቤቴ እዚህ ጭሮ መናኸሪያው አጠገብ የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጣል፤ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ጆግ፣ የልጅ ፖፖ። የምንኖረው ከእናቱ ጋር ነው፤ እኔም እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸውም እንደ ልጅ አቅፈው ነው የተቀበሉኝ። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የማወራውን የሚሰማ ሰው ክፉ አማት አድርጎ እንዳይስላቸው ነው።

ሰርጉ ባለፈ ማግስት ጎረቤታችን ሐጂ በጓሮ በኩል ብቅ አሉ። ከቤታችን ጀርባ ወደ ተራራው የሚወጣው የጫት ማሳ የእሳቸው ነው። ሐጂ ኦሮሞ ናቸው፤ አማርኛ ደግሞ አላነሳቸውም። ገበያ ወጥተው ተከራክረው የሚረቱት በአማርኛ ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገባ ብሏቸው ቀረ፦ ወንድና ሴት። በእሳቸው አፍ እኔ «አንተ» ነኝ፣ ባለቤቴ «አንቺ» ነው። ላሟ ይወልዳል፣ በሬው ታርሳለች። ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «እንዴት አደርክ ልጄ?» ይሉኛል። ወደ ባለቤቴ ዞረው ደግሞ «አንቺ፣ ሱቅ አልከፈትሽም?» ይሉታል። እኔና እማማ ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ እሱ ይንጨረጨራል።

«እኔ ወንድ ነኝ ሐጂ! ስንት ጊዜ ልንገርዎት?»

«ወላሂ አውቃለሁ፣ ወንድ ነሽ» ይሉታል።

ልጅ ሆኖ የሰፈሩ እኩዮቹ ከሐጂ ሰምተው «አንቺ፣ አንቺ» እያሉ ያበሽቁት ነበር አሉ። ሰው ሲያድግ ይተወዋል ብዬ ነበር፤ እሱ አልተወውም። ዘርፈጥ ብሎ ተቀምጦ እየሳቀ ሳለ እንኳ ሐጂ «አንቺ» ካሉት ፊቱ ይቀየራል።

ያን ቀን ሐጂ ሥሩ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ሁለት ችግኝ ይዘው ነበር። ከገዛ ኮሽሞቻቸው ሥር ያቆጠቆጡትን ቆፍረው አውጥተው ለሙሽሮች ስጦታ ማምጣታቸው ነው። ጓሮው በዘመድ ተሞልቷል። ሐጂ አንዱን ችግኝ ከፍ አድርገው፣ «ይቺ ወንድ ነው» አሉ። ሌላውን አነሱና፣ «ይሄ ደግሞ ሴት ናት። ሁለቷ አትለያዩ! ከተለያየ ባዶ ነው፣ ፍሬ የለም!»

ጓሮው በሳቅ ፈረሰ። «ሐጂ ደግሞ ዛፉንም ወንድና ሴት አደረጉት!» አለ አንዱ። እማማ ግን «አትለያዩ» የሚለውን ብቻ ሰምተው ብድግ አሉ። «አሜን በሉ እንጂ! ሐጂ መረቋችሁ እኮ!» እኔና ባለቤቴ አንገታችንን ደፍተን አሜን አልን። ሐጂ ግራ ገብቷቸው አንዴ ችግኞቹን፣ አንዴ እኛን አዩ። ለምርቃት ደግሞ አሜን የማይል የለምና እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ። ከዚያ አንዱን በር ላይ፣ ሌላውን ጓሮ ተከሉልን፤ ነገሩ በዚሁ ተረሳ።

የበሩ ኮሽም ከጥቂት ዓመት በኋላ ማፍራት ጀመረ። ማፍራት ስል እንደ ዋዛ አይደለም፤ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እጄን በአሮጌ ካልሲ ጠቅልዬ እለቅማለሁ፤ ያም ሆኖ እሾሁ ክንዴን ሳይቧጥረኝ የቀረበት ዓመት የለም። እማማ የሚተርፈውን ከስኳር ጋር ድስት ላይ ቀቅለው ማርማላታ ያደርጉታል። ትኩሱን በዳቦ ስንበላው ባለቤቴ አንድ ዓይኑን ብቻ ነበር የሚጨፍነው።

የጓሮው ግን ሌላ ነው። በልግ ሲመጣ ከበሩ ዛፍ በላይ ያብባል፤ ደቃቅ፣ አረንጓዴ ይሁን ቢጫ የማይለይ አበባ በዘለላ በዘለላ ይወጣበታል። ንቡ እዚያ ሲርመሰመስ ከማድ ቤት ይሰማል። ከዚያ አበባው ይረግፋል፣ አለቀ። አንዲት ፍሬ የለም። «ይሄ መካን ዛፍ ቦታ ይዞ ቀረ» ይሉ ነበር እማማ፣ ሲያልፉ ሲያገድሙ። ስለ ዛፉ ነው የሚያወሩት፤ ክፋት የለበትም። እኔ ግን ቃሉ ጆሮዬ ላይ ሲያርፍ የያዝኩትን ዕቃ አስቀምጬ ትንሽ እቆማለሁ።

ምክንያቱም እኔም አልወለድኩም። «ውለዱ ክበዱ» ያለን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሆዴን ያይ ነበር። ቀጥሎ ፊቴን ማየት ጀመረ። ኋላ ጭራሽ ማየት ተወና ከንፈር መምጠጥ ያዘ። ከንፈር ሲመጥጡልኝ ደግሞ አልወድም፤ «ምነው፣ ምን አነቃችሁ?» እላለሁ። ምላሴን ያረዘመው ይሄው ነው መሰለኝ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ኮሽሙ ሲደርስ ነበር። እርጉዝ ሴት ኮምጣጣ ያምራታል፤ በሰፈራችን ደግሞ የሚያፈራ ኮሽም ያለው እኛ ደጅ ነው። «እህቴ አፈር ስሆን፣ አምሮኝ ነው» እያሉ ይመጣሉ፣ አንዷ ሆዷን ደግፋ፣ አንዷ ገና ያልታወቀላትን በነጠላዋ ሸፍና። አምሮት ያላትን ሴት ባዶ እጇን መሸኘት ነውር ነው። እለቅምላታለሁ። ነጠላዋ ላይ ስዘረግፍላት እዚያው ቆማ አንዱን ግምጥ ታደርግና ዓይኗን ጨፍና «እፎይ!» ትላለች። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብዬ እሸኛታለሁ፤ ከልቤ ነው። ከዚያ ቤት ገብቼ ያላስቀየመኝን ድስት ስፈትግ እውላለሁ።

ሐረር ሄጄ ተመርምሬ ነበር። ሐኪሟ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣ «ያንቺ ደህና ነው፤ ባልሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ስነግረው ባለቤቴ እንደ ሰደብኩት ቆጠረው። «እኔ ምን ሆኜ? ወንድ ልጅ ለዚህ ነገር ሐኪም ቤት ሲሰለፍ የት አይተሻል?» ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። መጥፎ ሰው እኮ አይደለም፤ ራሴን ሲያመኝ ሱቁን ዘግቶ አጠገቤ የሚውል ሰው ነው። ብቻ «ወንድ» የሚባለው ነገር ሲነካበት አይሆንለትም። ለእማማም አልተናገርኩም፤ ገመናውን ምን ብዬ ላውጣበት? የሆዴን በሆዴ ይዤ ኖርኩ።

ዘመድ ግን ዝም አላለም። በአንዱ መስቀል የባለቤቴ አጎት «ለሚመጣው መስቀል ስንሰበሰብ የነዚህ ልጆች ነገር በሽማግሌ ይታያል» ብለው ሄዱ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እኔ በክብር ወደ ሂርና ልሸኝ፣ እሱ ሌላ ሊያገባ ነው። ባለቤቴ ሰምቶ አቀረቀረ። ያን ጊዜ ስለት ይዞ ቢወጋኝ ከሚያመኝ ይልቅ ማቀርቀሩ አመመኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የጓሮው ኮሽም የተቆረጠው። ባለቤቴ ጓሮ ላይ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት ሊሠራ ፈለገ። «መካኑ ይነሳና እዚያ ላይ ይሁን» አሉ እማማ። እኔ እሳት ሆንኩ። «ዛፉ ምን አደረጋችሁ? ስላላፈራ ነው? ንብ አይበላበትም? ጥላ የለውም?» አልኩ። ስለ ዛፍ እንዲህ የሚንጨረጨር ሰው አይተው ስለማያውቁ ሁለቱም ተያዩ። ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው ቀርቶ አይመስለኝም። ነገሩ ለጥቂት ወር ተዳፈነ። እናቴን ልጠይቅ ሂርና ሄጄ በሚኒባስ ስመለስ ግን ጓሮው ገላጣ ሆኖ ጠበቀኝ። ቅርንጫፉ እሾህ ስለሆነ ተቃጥሏል። የቀረው ጉቶው ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ከረፈደ ጮህኩ፣ አለቀስኩ። ባለቤቴ «ዛፍ እኮ ነው» አለኝ። «አዎ» አልኩት፣ «ዛፍ ነው። መካን ዛፍ። ለሚቀጥለው ደግሞ ገጀራውን ሳለው።» እራቱን ሳይበላ ተኛ።

ሰርቪሱ ተሠራ፤ ጉቶው ከግድግዳው ጥግ ቀረ። በልግ ሲደርስ የበሩ ኮሽም እንደ ልማዱ አበበ። ነሐሴ ላይ እጄን በካልሲዬ ጠቅልዬ ብወጣ ቅጠልና እሾህ ብቻ። ቅርንጫፍ እየገለጥኩ ፈለግኩ፤ አንዲት ፍሬ የለችም። ዝናቡ ነው ብለን ተጽናናን።

የባለቤቴ እህት ቦርደዴ ነው ያገባችው። እንደ እሳት በሚፋጀው በዚያ ቆላ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስልክ ደወለች። «ኮሽም! ኮሽም ላኩልኝ፣ እህል አልወርድ ብሎኛል፣ ያያችሁትን ሁሉ ላኩልኝ!» እማማ ስልኩን ይዘው ባዶውን ዛፍ አዩና ተጨነቁ። «የልጄ አምሮት ሊቀር ነው!» አሉ፣ እንደ ልጅ ሆድ ብሷቸው። ሐጂ አጥሩ ወዲያ ነበሩና ጠሯቸው። «ሐጂ፣ እባክዎ፣ ማሳዎ ላይ ኮሽም ተርፎ ይሆን?»

ሐጂ በሩ ጋ መጡ። ከማሳቸው ኮሽሙን ሁሉ ለጫት ብለው ከነቀሉት ቆይቷል፤ ከላይ ተራራው ላይ ካሉ ዘመዶቻቸው ግን እንደሚያስመጡ ነገሩን። ከዚያ የኛን ዛፍ ቅርንጫፉን ያዝ አድርገው አዩ፤ ቀና ብለው ወደ ጓሮ ተመለከቱ።

«ኮርማዋ የት ሄደች?» አሉ።

«የቱ ኮርማ ሐጂ? ከብት የለንም እኮ» አሉ እማማ።

«ከብት አላልኩም! እዚያ የነበረ፣ ወንዷ!» በከዘራቸው ሰርቪሱን አመለከቱ። «ወንዷን ቆረጣችሁ? ያ ረቢ! ሰርግ ጊዜ ነግሬ የለ? ሁለቷ አትለያዩ አላልኩም?»

ባለቤቴ ከሰርቪሱ በር ላይ ቆሟል። እኔ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ አሜን ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። ወንድና ሴት የማይለዩት ሐጂ እኮ ለይተው ነግረውን ነበር! እኛ የሳቅነው በአማርኛቸው ነው።

«ወንድ ኮሽም አበባ ብቻ ነው» አሉ ሐጂ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «ሴቷ በወንዷ አበባ ነው የሚያፈራው። አሁን ሴት ብቻውን ቀረ። ብቻውን ምን ያድርግ? ጥፋቱ የሴት አይደለም እኮ!»

ሐጂ ስለ ዛፍ ነው ያወሩት። በፈጣሪ ስም እምላለሁ፣ ሌላ ነገር አላሰቡም። ግን ነገር ነገርን ያነሳዋል፤ እኔም ዓመታት የያዝኩት ሆዴ ውስጥ አልቆይ አለኝ።

«ሐኪሟም ይሄንኑ ነው ያለችኝ» አልኩ።

እማማ ዞር አሉ። «የቷ ሐኪም?»

«የሐረሯ። ያንቺ ደህና ነው፣ ባልሽን ይዘሽ ነይ ብላኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ኧረ ከስንት ዘመን በፊት።»

እማማ ልጃቸውን አዩት። እሱ ጉቶውን ያያል። ሐጂ ጉዳዩ የዛፍ አለመሆኑ የገባቸው ያኔ ነው፤ «አስታግፊሩላህ» ብለው ቀስ ብለው ወጡ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ክንዴን ያዙኝ፤ እሾሁ የቧጠረኝን ቦታ በአውራ ጣታቸው እያሻሹ፣ «እኔ ደግሞ ሲነጋ ሲመሽ መካን መካን ስል» አሉ። አለቀስን፣ ሁለታችንም። ሲበቃቸው ዕንባቸውን ጠርገው ልጃቸውን «ነገ ሱቁ አይከፈትም» አሉት።

ሐረር ሄድን። መንገዱን ሙሉ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ነበር። ምርመራው ወጣና ሐኪሟ አስቀምጣ ነገረችው። ችግሩ በእሱ በኩል ነው፤ መድኃኒት አለው፣ ተስፋም አለው፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። እሱ ራሱን እየነቀነቀ ብቻ ሰማ። ስንመለስ አውቶቡሱ ሂርና ላይ ቆሞ ሰው ሙዝ ሲገዛ ጠጋ ብሎ «ሰው እንዳይሰማ» አለኝ። ድምፁ የወንድ ድምፅ አልነበረም፤ የዚያ እኩዮቹ የሚያበሽቁት ልጅ ድምፅ ነበር። ተናደድኩ፣ አንጀቴንም በላኝ። እኔን ስንት ዘመን መካን ሲሉኝ ማን ለኔ «ሰው እንዳይሰማ» አለ? ሆኖም «ሆድ ይፍጀው» አልኩት። ስሙን ለምጄዋለሁ፤ ልሸከምለት ወሰንኩ። መስቀል ሲመጣ ወደዚያችው ሂርና ሊሸኙኝ እንደሚችሉም አውቃለሁ። ሙዝ ገዛልኝ፤ አልበላሁም።

ሐጂ ቃላቸውን ጠብቀው አንድ ፌስታል ኮሽም ከተራራው አስመጡ፤ በሚኒባስ ወደ ቦርደዴ ላክን። የባለቤቴ እህት ደውላ አፏ ሞልቶ «እፎይ!» ስትል ለሁላችን ተሰማ። ጳጉሜ ላይ ደግሞ ያ ጉቶ ከሥሩ አቆጠቆጠ። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ምንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ግን ዙሪያው እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። በሌላውም ቀን እንዲሁ። ተደብቄ ባይ ባለቤቴ ነው፤ ሱቅ ከመሄዱ በፊት በጆግ ውሃ ያፈስለታል።

መስቀል ደረሰ። ዘመድ ተሰበሰበ፣ ክትፎው ተበላ፣ ሽማግሌዎቹ ሳሎን በረድፍ ተቀመጡ። ሐጂም እንደ ጎረቤት ሽማግሌ ተጠርተው በር አጠገብ ተቀምጠዋል። እኔን ከእማማ ጎን አስቀመጡኝ። እማማ እጄን ይዘው ዓይናቸውን ልጃቸው ላይ ተክለዋል። አጎቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጆቻችን ተዋደው ኖረዋል። ፈጣሪ ግን ፍሬ አልሰጠም። በእሷ አንፈርድም፣ የእሷ ጥፋት አይደለም፣ አፈጣጠር ነው…»

«አጎቴ» አለ ባለቤቴ።

«ቆይ ልጨርስ።»

«አይጨርሱ።» ተነሳ። ፊቱ ኮሽም የነከሰ ሰው ፊት ሆኗል። «የእሷ አፈጣጠር አይደለም። ተመርምሬያለሁ። የኔ ነው። እሷ ስታውቅ ኖራ ነው ለኔ ብላ ዝም ያለችው። መካን ማለት ካለባችሁ እኔን በሉኝ። የሚሸኝ ካለም እኔ ነኝ የምሸኘው።»

አጎቱ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። ሰው ሁሉ የሌላውን ፊት ያያል። ባለቤቴ እንደቆመ ነው፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ተቀመጥ የሚለው ሰው እንኳ አላገኘም።

ሐጂ ከበሩ አጠገብ ተነሱ። ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ መሀል መጡና እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣

«አንቺ ወንድ ነሽ!» አሉት።

አንድም ሰው አልሳቀም። ባለቤቴም ዕድሜ ልኩን የተቆጣበትን ቃል ሰምቶ አንገቱን ዝቅ አደረገና፣ «አሜን፣ ሐጂ» አለ።